ሳምፕሉን ትተው ሰውየውን ጠሩት

ለወጣት የሙዚቃ አቀናባሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን ማታ ይህን ያህል ሰው ሙዚቃ ለማውራት ሲሰበሰብ ደስ ይላል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አልበም ነው። ስሙ «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» ይባላል። የሠሩት ዳፍት ፐንክ የሚባሉት ሁለት ፈረንሳዮች ሲሆኑ በ2013 ግንቦት ላይ ወጣ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ለምን ይህን አልበም መረጥኩ? እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ላፕቶፕ ላይ ቢት የምትሠሩ ናችሁ። ዳንስ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ይሰለቸውና «ከዘውጌ ልውጣ» ይላል። ከዚያ ምን ያደርጋል? አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሰው ሸክላ ድምፅ እየቆረጠ ይለቅማል፤ ሳምፕል የምንለው ይህን ነው። ትንሽ ጃዝ፣ ትንሽ ሮክ፣ ትንሽ ማሲንቆ ጣል ያደርጋል። ከሥር ያለው ቢት ግን ያው የድሮው ነው። ዳፍት ፐንኮች ከድምፁ ይልቅ ድምፁን የፈጠሩትን ሰዎች ፈልገው ስቱዲዮ ድረስ ጠሩ። ዛሬ ማታ የምከራከረው ለዚህ አሠራር ነው።

ከአመጣጣቸው ልጀምር። ቶማ ባንጋልቴርና ጊ-ማኑኤል ደ ሆመም-ክሪስቶ በ1987 ፓሪስ ውስጥ፣ በተማሪነታቸው ነው የተዋወቁት። መጀመሪያ የያዙት ጊታር ነበር፤ የሮክ ባንድ ነበራቸው። ብዙም አልገፋም። የባንጋልቴር አባት ዳንኤል ቫንጋርድ ግን የዲስኮ ዘፈን ደራሲና ፕሮዲውሰር ነው። ኦታዋን የሚባሉት ዱኦዎች የተጫወቱት፣ «ዲስኮ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል የሚጠራው ዘፈን አለ አይደል? እሱ ውስጥ እጁ አለበት። እናትና አባቶቻችሁ ጨፍረውበት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ልጁ ዲስኮን ቤቱ ውስጥ ነው ያገኘው።

የመጀመሪያ አልበማቸው «ሆምወርክ» በ1997 ወጣ። የተቀዳው ባንጋልቴር መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ዋናው ነገር የቺካጎ ሃውስ የሚባለው የክለብ ዳንስ ሙዚቃ ነበር፤ ደረቅ ድራም ማሽን፣ የሚደጋገም ቤዝ፣ ብዙ ሳምፕል። እዚያ አልበም ላይ የማይረሳኝ አንድ ትራክ አለ። ከላይ እስከ ታች የሰው ስም ብቻ ይጠራል። የቺካጎ ዲጄዎች፣ የፈንክ ሰዎች፣ የራፕ ፕሮዲውሰሮች፣ ያስተማሯቸው ሁሉ በተራ ይጠራሉ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ልጆች ናቸው ይህን ያደረጉት። ማንን ሰምተው እዚህ እንደደረሱ አልደበቁም።

በ2001 «ዲስከቨሪ» መጣ። እዚህ ላይ የሳምፕል ጥበባቸው ጫፍ ደረሰ። «ሃርደር፣ ቤተር፣ ፋስተር፣ ስትሮንገር» የሚለው ሥራቸው የቆመው ኤድዊን በርድሶንግ የተባለ አሜሪካዊ በ1979 ባወጣው የፈንክ ዘፈን ላይ ነው። በ2007 ደግሞ ካንዬ ዌስት የእነሱን ወስዶ ሌላ ዘፈን ሠራበት። አንድ የፈንክ ሐረግ ከሦስት ትውልድ ጆሮ ገባ ማለት ነው። ሳምፕል ማድረግ ስንፍና ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። የሁለት ሴኮንድ ድምፅ ቆርጦ፣ ፍጥነቱን ለውጦ፣ ሌላ ስሜት መስጠት ጆሮ ይጠይቃል። ግን ኤድዊን በርድሶንግን ስንቶቻችሁ ታውቁት ነበር? አያችሁ፣ ድምፁ ዓለምን ዞረ፤ ሰውየው ግን አልዞረም።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ያለዚህ ታሪክ አልበሙ አይገባም።

ሐምሌ 12 ቀን 1979። ቺካጎ፣ ኮሚስኪ ፓርክ የቤዝቦል ስታዲየም። አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ዲስኮን ይጠላ ነበርና ጥሪ አደረገ። የዲስኮ ሸክላ ይዞ ለሚመጣ ሰው መግቢያው 98 ሳንቲም ብቻ። በዕለቱ በተከታታይ ሊደረጉ ከነበሩት ሁለት ጨዋታዎች የመጀመሪያው እንዳለቀ የተሰበሰበው ሸክላ ሜዳው መሐል በፈንጂ ጋየ። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረ። ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ፤ ቺካጎ ዋይት ሶክስ በፎርፌ ተሸነፈ።

በዚያ ምሽት ስታዲየሙ ውስጥ ተመልካች ወንበር እያስያዘ የሚሠራ ቪንስ ሎረንስ የሚባል ጥቁር ወጣት ነበር። ሲንተሳይዘር፣ ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ፣ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል። ሰዉ ይዞ የመጣውን ሸክላ ሲያይ ብዙው ዲስኮ አልነበረም። የጥቁሮች ሙዚቃ ከሆነ ሶልም ይሁን ፈንክ ተይዞ መጥቷል። ይህን ራሱ ነው በኋላ የመሰከረው። ይኸው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ የሃውስ ሙዚቃ ሠሪዎች አንዱ ሆነ። እዚያው ቺካጎ ውስጥ ፍራንኪ ናክልስ «ዌርሃውስ» በሚባል ክለብ ዲስኮን እየቆረጠና እያረዘመ ያጫውት ነበር። ሃውስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ክለብ ነው። ሜዳ ላይ የተቃጠለው ሙዚቃ ክለብ ውስጥ በሌላ ስም ኖረ። ከዚያ አትላንቲክን ተሻግሮ ፓሪስ፣ አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ገባ።

ስለዚህ ዳፍት ፐንኮች በ2008 ገደማ አዲሱን አልበም ሲጀምሩ ሁለት ነገር ከብዷቸዋል ብዬ አስባለሁ። አንደኛው የራሳቸው ድካም ነው። በ2005 «ሂዩማን አፍተር ኦል»ን በስድስት ሳምንት ገደማ ሠርተው ብዙ ሰው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር የተቀበለው። ሁለተኛው ደግሞ የዳንስ ሙዚቃው ዓለም እየተመሳሰለ መምጣቱ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሶፍትዌር፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ ነበር። በመሐል በ2010 «ትሮን፡ ሌጋሲ» ለተባለው ፊልም ከ80 በላይ ሙዚቀኞች ካሉት ኦርኬስትራ ጋር ሠሩ። ይመስለኛል በር የከፈተላቸው ይህ ነው። የሰው እጅ አንድን ኖታ ሲጫወት ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይሆንም። ያን ከሰሙ በኋላ ወደ ሉፕ፣ ያው ቁራጭ ድምፅ ወደሚደጋገምበት አሠራር፣ መመለስ ከባድ ነው።

እነማንን ጠሩ? ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ጥቂቶቹን ብቻ ልጥራ። ድራም ላይ ጆን ሮቢንሰን አለ። ማይክል ጃክሰን «ኦፍ ዘ ዎል» ላይ የምትሰሙት እጅ የእሱ ነው። ኦማር ሃኪምም አለ፤ ከዌዘር ሪፖርት ጋር ጃዝ፣ ከዴቪድ ቦዊ ጋር ፖፕ የተጫወተ ሰው ነው። ቤዝ ላይ ኔተን ኢስትና ጄምስ ጂነስ። ጊታር ላይ ፖል ጃክሰን ጁኒየር። የካንትሪ ሙዚቃ ስቲል ጊታር የሚጫወተው ግሬግ ሊዝም ተጋብዟል። ሎስ አንጀለስ፣ ኒው ዮርክና ፓሪስ ያሉ ትልልቅ ስቱዲዮዎችን ተከራዩ። በቴፕም በኮምፒውተርም ቀዱ። አሥራ ሦስት ትራክ፣ 74 ደቂቃ ገደማ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሌላ ሰው ሸክላ ሳምፕል የተደረገበት የመጨረሻው «ኮንታክት» ብቻ ነው። ሳምፕል በማድረግ ስም ያወጡ ሰዎች እኮ ናቸው!

ሁለት ትራክ ላይ ቆም ልበል። ቀሪውን እናንተው ስሙት።

«ጆርጆ ባይ ሞሮደር» ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ጆርጆ ሞሮደር በ1940 ሰሜን ጣሊያን ተራራማ አገር ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። በ1977 ከፒት ቤሎት ጋር ሆኖ ለዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ»ን አቀናበረ። ሙዚቃው ከሞላ ጎደል በሙግ ሲንተሳይዘር ነው የተሠራው። የዛሬው የኤሌክትሮኒክስ ዳንስ ሙዚቃ ከዚያ ዘፈን ይመዘዛል ብል ብዙ ሰው አይከራከረኝም። ሌላ ፕሮዲውሰር ቢሆን የሞሮደርን አንድ ባስላይን ቆርጦ ይወስድ ነበር። እነሱ ሰውየውን ማይክ ፊት አስቀመጡትና «ሕይወትህን ንገረን» አሉት። እንዴት ሙዚቀኛ ለመሆን እንደወሰነ፣ ዲስኮቴክ ውስጥ ተጫውቶ መኪናው ውስጥ ያድር እንደነበር፣ የወደፊቱን ድምፅ ሲፈልግ ሲንተሳይዘር ላይ እንዴት እንደደረሰ ይተርካል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ሞሮደር ስቱዲዮ ሲገባ ከፊቱ ከአንድ በላይ ማይክ ተደርድሯል። ግራ ገባውና ጠየቀ። ማይኮቹ የተለያየ ዘመን ናቸው፤ ስለየትኛው ዘመን እንደሚያወራ እየታየ በዚያ ዘመን ማይክ ይቀዳል አሉት። «ልዩነቱን ማን ይሰማዋል?» ቢል፣ «እነሱ ይሰሙታል» ተባለ፤ ዳፍት ፐንኮችን ማለታቸው ነው። ለአንድ ሽማግሌ ትረካ ይህን ያህል ሲጨነቁ ምን ማለት እንደሆነ ታዩታላችሁ።

ከትረካው ሥር ሙዚቃው ቀስ እያለ ይነሳል። መጀመሪያ ጸጥ ያለ ዲስኮ፣ ከዚያ ሲንተሳይዘር፣ ከዚያ ጃዝ ያለበት ኪቦርድ፣ ከዚያ ቫዮሊኖች። በመጨረሻ ኦማር ሃኪም ድራሙን ለቀቅ ያደርገዋል። ቤት ስትገቡ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ከስድስተኛው ደቂቃ ጀምራችሁ ስሙልኝ። ድራመሩ ከማሽኑ ጋር ይፎካከራል። አንዳንዴ ቀድሞ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ዘግየት ይላል። ይህን ኮምፒውተሩ ጊዜውን እኩል በሚከፋፍልበት ግሪድ ላይ አትሠሩትም። ዲጄ ሸክላ ሲቧጭርም ትሰማላችሁ። ዲስኮ፣ ጃዝ፣ ሮክ፣ ሂፕሆፕ ባንድ ትራክ ላይ ተገናኝተው አንዱም የተለጠፈ አይመስልም። ሁሉም የሰውየው ሕይወት የነካቸው ናቸውና።

ሁለተኛው ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ «ጌት ላኪ»። በየሠርጉ ሰምታችሁታል። ጊታሩን የሚጫወተው ናይል ሮጀርስ ነው። ከበርናርድ ኤድዋርድስ ጋር ሺክ የተባለውን ባንድ የመሠረተ ሰው። በ1977 የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሁለቱ ስቱዲዮ 54 የሚባለው ክለብ ተጋብዘው ሄደው በረኛው መለሳቸው። ተናደው ቤት ገቡና «ለ ፍሪክ»ን ሠሩ። በ1979 የሠሩት «ጉድ ታይምስ» ደግሞ ቤዙ ብቻውን ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ትልቅ የራፕ ዘፈን በዚያ ቤዝ ላይ ተሠራ። ስማቸው በደራሲነት የገባው እነ ሮጀርስ በሕግ እንጠይቃለን ካሉ በኋላ ነው። ዲስኮ ሲጠላ ሺክም አብሮ ተጠላ። ኤድዋርድስ በ1996 አረፈ። ሮጀርስ በ2010 ካንሰር እንዳለበት ተነገረው።

ይህ ሰው ነው ነጭ ጊታሩን ይዞ ከዳፍት ፐንኮች ጋር የተቀመጠው። እጁን ስሙት። ቀኝ እጁ እንደ ከበሮ ነው፤ ኮርዱን ከመምታት ይልቅ የሚያፍነው ይበዛል። ዘፈኑ አራት ኮርድ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቀየርም። የማይሰለቸው በጊታሩ ምክንያት ነው። በደራሲነት የተመዘገቡት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ፈረንሳዮች፣ ሮጀርስና ዘፋኙ ፋሬል ዊልያምስ። የሞሮደር ትራክም ላይ እንዲሁ የሞሮደር ስም አለ። የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ከድሮው ዲስኮ የተወሰደው ነገር በዚህ ጊዜ ስምም ገንዘብም ይዞ ሄደ። በ2014 ጥር የግራሚ ሽልማት ላይ አልበሙ የዓመቱ ምርጥ ሲባል ሮጀርስ መድረኩ ላይ ነበር፣ ስቲቪ ወንደርም አብሯቸው ተጫወተ።

ፖል ዊልያምስ የሚዘፍንበት «ተች» ላይ ብዙ አልቆይም። ለካርፔንተርስ ግጥም ይጽፍ የነበረ፣ በ1974 ዳፍት ፐንኮች በልጅነታቸው ደጋግመው ያዩት ፊልም ላይ የተወነ ሰው ነው። ትራኩ የመድረክ ትያትር፣ ዲስኮና የሕፃናት መዝሙር ሁሉ አለበት። ለእኔ የአልበሙ ደፋር ሥራ ነው፤ ለሌላው ሰው ደግሞ የሚዘለል ትራክ ነው። ተከራከሩበት።

አልበሙ እንከን የለሽ ነው አልልም። መሐሉ ላይ ይሰንፋል። ሁለት ሦስት ዘገምተኛ ዘፈኖች በተከታታይ ይመጣሉ፤ በማሽን ሮቦት የሚያስመስሉት የዘፈን ድምፅም አንዳንዴ ይበዛል። ክለብ ውስጥ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰው የሚያስጨፍር ሥራ ብዙ የለውም። ፓንዳ ቤር የሚዘፍንበት «ዱዊን ኢት ራይት» ብቻ ነው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክስ የሆነው፤ እሱን ስሰማ የድሮዎቹን ይናፍቀኛል።

ከዚህ የከበደ ጥያቄም አለ። ጥቁር ሙዚቀኞች የፈጠሩት ሙዚቃ ሜዳ ላይ ተቃጠለ፤ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ሁለት ነጭ ፈረንሳዮች ፊታቸውን የሚሸፍኑበትን የሮቦት የራስ ቁር አጥልቀው ሽልማቱን ወሰዱበት። ይህን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ልክ ናቸው። ሺክ ለሮክ የዝና አዳራሽ አሥራ አንድ ጊዜ ታጭቶ አልገባም። ሮጀርስ በ2017 የገባው በሌላ ሽልማት፣ ለብቻው ነው። አንድ አልበም ይህን አያስተካክለውም። ግን አንድ አልበም ሊያደርገው የሚችለውን ያህል ይህ አልበም አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ባለሙያውን ጠርቷል፣ አብሮ ጽፏል፣ ከፍሏል፣ ስሙን ጽፏል።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው፣ እኛ የት አምጥተን?» የሚል ጥያቄ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ አልበም ለመሥራት ዓመታትና ትልቅ በጀት ያስፈልጋል። ሰው ለመጥራት ግን የግድ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ።

ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ፤ «ሸሞንሟናዬ»። ልጅነቱን ያሳለፈበትን አኮርዲዮን ያዘ። ከሥሩ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7ና ድራም ማሽን አስገባ። የድሮ ዜማዎቻችንን በዚያ ላይ ተጫወታቸው። ሞሮደር የተጠቀመበት ዓይነት ማሽን ላይ ትዝታ ማለት ነው። ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሾፌር ሆነ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ታክሲው ውስጥ ኪቦርዱን ያወጣና ይለማመድ ነበር።

ከዚያ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ኢትዮጵያ መጥቶ ያን ካሴት አገኘ። ሰውየው ዲጄ ነው፣ ድምፁን ቆርጦ ቢት ሊሠራበት ይችል ነበር። እሱ ግን ስልክ ፈልጎ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ልክ «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» በወጣበት ዓመት። ጋሽ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ፤ አብረውት የተጫወቱት ድራመርና ቤዚስት ከአውስትራሊያ የነፃ ጃዝ ዓለም የመጡ ናቸው። ዘውግ መሻገር ከተባለ ይኸውላችሁ። ወጪው የአንድ ስልክ ጥሪ ነበር የጀመረው።

የእኛም አገር የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ባዶ ሜዳ አይደለም። እንደገና ሙሉ የተባለው ሙዚቀኛ «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም፣ ሚካኤል ሰይፉም «ዘላለም» በተባለው የ2016 ሥራው፣ የባህል ድምፃችንን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አጋብተው ለውጭ አድማጭ አሰምተዋል። ሮፍናን በ2018 በ«ነጸብራቅ» ብዙ ወጣት ወደዚህ ሙዚቃ አመጣ። መንገዱ ተከፍቷል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ የድሮ ዘፈን ሪሚክስ ሲጫን አያለሁ። ዘፋኙ ስሙ ይጻፋል፤ እሱም ካልተረሳ። ሳክስፎኑን የነፋው፣ ቤዙን የመታው፣ ያቀናበረው ግን የለም። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፣ ዋሽንግተን ውስጥ አሉ፣ ስልካቸው ይነሳል። የሰዓት እላፊውን ዘመን ባንድ ውስጥ ሆነው ያሳለፉ፣ ኪቦርድ ብቻውን የባንዱን ቦታ ሲወስድ ሥራ ያጡ ሰዎች ናቸው። ሕጉም ከጎናቸው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ይህ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በ872/2007 ተሻሽሏል። «ተዛማጅ መብት» የሚለው የከዋኙን፣ የተጫዋቹን መብት ይጨምራል። አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። ስምምነታችሁን በወረቀት አድርጉ። ድርሻውን ከቀረጻው በፊት ተነጋገሩ። እኔ እንዳየሁት ጠብ የሚመጣው ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

እና ደግሞ ባለሙያውን ስትጠሩ እንደ ድምፅ ፋይል አትጥሩት። «አንድ አራት ባር ንፋልኝና ሂድ» ብላችሁ አትሸኙት። አብሯችሁ ይቀመጥ። ቢቱን አሰሙትና «ምን ይጎድለዋል?» በሉት። ቢያበላሽባችሁ እንኳ ቅዱት። ማሲንቆ ተጫዋች ከሆነ በእሱ ቅኝት ጀምሩ፤ ማሽኑን ወደ እሱ አምጡት። እሱን በማሽኑ ቅኝት አታስጨንቁት። አምባሰልን በኪቦርድ ቅኝት ውስጥ ስታስገድዱት ምን እንደሚሆን የሰማ ያውቀዋል።

ዳፍት ፐንኮች በየካቲት 2021 ተለያዩ። ባንጋልቴር በ2023 ለባሌ ዳንስ የጻፈውን የኦርኬስትራ ሥራ አወጣ፤ ምንም ኤሌክትሮኒክስ የለበትም። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» ድራሙ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እንደገና ታተመ። የዳንስ ሙዚቃ ሠሪ አልበም፣ ያለ ድራም። መጀመሪያ ስሰማ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ግን በድራሙ ተሸፍነው የነበሩ ነገሮች ወጡ፤ የኔተን ኢስት ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት፣ የሮጀርስ ጊታር እንዴት እንደሚተነፍስ።

ከጥያቄና መልስ በፊት ከዚያ ቅጂ «ሉዝ ዩርሰልፍ ቱ ዳንስ»ን እናሰማችኋለን። ስትሰሙ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ፤ ድራሙ በሌለበት ጊዜውን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ንገሩኝ። ከዚያ እንወያያለን። ድምፁን ከፍ አድርጉልን።